ማፕ፣ ፊልተርና ሪዱስ የተሳሳተ ውጤት ሲሰጡ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ማፕ (እያንዳንዱን አባል የሚቀይረው)፣ ፊልተር (የሚፈለጉትን አባላት የሚመርጠው) እና ሪዱስ (አባላቱን ወደ አንድ ዋጋ የሚያጠቃልለው) ዝርዝር ላይ የሚሠሩ ረዳት ፈንክሽኖች ናቸው፤ ሲያስቸግሩ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነርሱው ናቸው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ለእነርሱ በምንሰጣቸው ፈንክሽን ወይም በውጤቱ አያያዝ ላይ ነው።

ዝርዝሩ አንድ ጊዜ በትክክል ይታያል፣ ሁለተኛ ጊዜ ባዶ ይሆናል

ፓይተን 3 ላይ ማፕና ፊልተር የሚመልሱት ዝርዝር ሳይሆን፣ ሲጠየቅ ብቻ አባላቱን አንድ በአንድ የሚያቀብል ኢተሬተር ነው። አንድ ዙር ከተነበበ አለቀ። ፓይተን 2 ላይ ዝርዝር ይመልሱ ስለነበር ችግሩ ከቆየ ኮድ ጋር አብሮ ይመጣል። ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ ስህተቱን ለማየት ውጤቱን ወደ ዝርዝር ቀይሮ ማተም ነው፤ ማተሙ ራሱ አባላቱን ይጨርሳቸውና ቀጥሎ ያለው ሉፕ ምንም አያገኝም።

መፍትሄ፦ ውጤቱ ደጋግሞ የሚያስፈልግ ከሆነ ገና ሲመጣ በሊስት ጠቅልላችሁ ያዙት። ዝርዝሩ ግዙፍ ከሆነና አንድ ዙር ማንበብ ከበቃ ግን እንዳለ ተዉት፤ ማህደረ ትውስታ ይቆጥባል።

«10»፣ «10»፣ «10» ገብተው 10፣ ናን (ቁጥር ያልሆነ ዋጋ) እና 2 ሆነው ይወጣሉ

ይህ የጃቫስክሪፕት ነው። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረውን ፓርስኢንትን በቀጥታ ለማፕ ሰጥታችኋል። ማፕ ደግሞ አባሉን ብቻ ሳይሆን ተራ ቁጥሩንና ሙሉውን ዝርዝር ጭምር ያቀብላል። ፓርስኢንት ሁለተኛውን እንደ ቁጥር መሠረት ይቆጥረዋል። 0 ሲደርሰው እንዳልተሰጠው አይቶ በአሥር መሠረት ያነባል፤ 1 ሲደርሰው እንዲህ ያለ መሠረት ስለማያውቅ ናን ይመልሳል፤ 2 ሲደርሰው «10»ን በሁለትዮሽ አንብቦ 2 ይላል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል!

መፍትሄ፦ አባሉን ብቻ ተቀብሎ ፓርስኢንትን ከ10 ጋር የሚጠራ አጭር ፈንክሽን አቀብሉ።

ውጤቱ በሙሉ አንዲፋይንድ (ዋጋ ያልተሰጠው) ከሆነስ? በቀስት ምልክት (=>) በሚጻፈው አጭር ፈንክሽን ውስጥ ጥምዝ ቅንፍ ከፍታችሁ ሪተርን ሳትጽፉ ቀርታችኋል።

ሪዱስ ባዶ ዝርዝር ሲያገኝ ይወድቃል

መነሻ ዋጋ አልተሰጠውም። ለድምር 0፣ ለብዜት 1 ስጡት። ትልቁን ቁጥር ለመፈለግ ግን 0ን መነሻ ማድረግ የባሰ ነው፦ አባላቱ ሁሉ ከዜሮ በታች ሲሆኑ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን 0 ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይመልሳል። የሚወድቅ ፕሮግራም ከሚዋሽ ፕሮግራም ይሻላል። ለእንዲህ ያለው ሥራ አሉታዊ ኢንፊኒቲን ተጠቀሙ፤ ወይም ባዶነቱን አስቀድማችሁ ፈትሹ። በሪዱስ ውስጥ የሚጻፈው ፈንክሽን ከሦስት አራት መስመር ካለፈ ደግሞ ተራ ሉፕ ጻፉ፤ ማንም አይወቅሳችሁም።

ዋናው ዝርዝር ሳይነካ ተቀይሯል

እንደ ማፕ አዲስ ዝርዝር የሚሰጥ የሚመስለው የጃቫስክሪፕት መደርደሪያ ሶርት ዋናውን ራሱን ያደራጃል። ቁጥሮችንም እንደ ጽሑፍ ስለሚያነጻጽር 10፣ 9፣ 1ን 1፣ 10፣ 9 ያደርጋቸዋል። ዝርዝሩን ቀድታችሁ ደርድሩ፤ ወይም ዋናውን ሳይነካ አዲስ ዝርዝር የሚመልሰውን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ቋንቋው ውስጥ የገባውን ቱሶርትድን ተጠቀሙ። በሁለቱም መንገድ አንዱን ቁጥር ከሌላው የሚቀንስ ማነጻጸሪያ ፈንክሽን መስጠት አትርሱ።