ዜና አክሲዮንን ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰ እንዴት መለካት ይቻላል?

አንድ ኩባንያ ጥሩ ትርፍ አገኘሁ ብሎ አክሲዮኑ ሲወድቅ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ገበያው የጠበቀውን ነገር ቀደም ብሎ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ያልጠበቀው ነው።

ይህን በነጻ የዋጋ ሰንጠረዥና በካልኩሌተር ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

1. ዜናው የወጣበትን ሰዓት ለዩ። ቀኑ ብቻ አይበቃም። ሜታ የ2021 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ሪፖርቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ገበያ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት የፌብሩዋሪ 3 ግብይት ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች ሰነድ የገባበትን ሰዓት ኤድጋር በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ታገኛላችሁ።

2. ምን ተጠብቆ እንደነበር ፈልጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የሜታ ገቢ 33.67 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ከተገመተው በጥቂቱ ይበልጣል። ለአንድ አክሲዮን የደረሰው ትርፍ ግን 3.84 ዶላር ይሆናል ሲባል 3.67 ሆነ። ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ገበያው 30 ቢሊዮን ገደማ ገቢ ሲጠብቅ ኩባንያው ከ27 እስከ 29 ቢሊዮን ብቻ እንደሚያገኝ ተናገረ። ፌስቡክን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ቁጥርም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀደመው ሩብ ዓመት በጥቂቱ ቀነሰ። በዚያ ላይ አፕል በስልኮቹ ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥ በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ገለጸ። “ገቢው አደገ” የሚለውን ርዕስ ብቻ ያነበበ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

3. የዋጋ ለውጡን አስሉ፤ ከዚያ የገበያውን ለውጥ ቀንሱ። አክሲዮኑ ከ323 ዶላር ወደ 237.76 ወረደ፤ 26.4 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የ500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ የሚለካው ኢንዴክስ፣ 2.4 በመቶ ወርዶ ነበር። ልዩነቱ፣ 24 በመቶ ገደማ፣ የዜናው ድርሻ ነው። ሜታ ራሱ ኢንዴክሱ ውስጥ ስላለ ልኬቱ ፍጹም አይደለም፤ ለእኛ ሥራ ግን ይበቃል።

4. የግብይት መጠኑን፣ ማለትም በቀኑ የተሸጡትን አክሲዮኖች ብዛት፣ ከወትሮው ጋር አወዳድሩ። ከዜናው በፊት የነበሩትን 20 የግብይት ቀናት አማካይ አውጡና የዜናውን ቀን መጠን ለእሱ አካፍሉ። በዚያ ቀን ከ180 ሚሊዮን በላይ የሜታ አክሲዮኖች ተሸጠዋል፤ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁሌ እንዲህ አይጋነንም። ዊልያም ቢቨር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1968 ባወጣው ጥናት፣ የትርፍ ሪፖርት በሚወጣበት ሳምንት የግብይት መጠን ከሌሎች ሳምንታት በሲሶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። ዋጋ የሚነግራችሁ የገበያው የጋራ ግምት የት እንደደረሰ ነው። የግብይት መጠን ደግሞ ስንት ሰው ሐሳቡን እንደቀየረ ይጠቁማል። መጠኑ ዘልሎ ዋጋው ከቆመ፣ ያንኑ ዜና ገዢው በደግ፣ ሻጩ በክፉ ተርጉመውታል ማለት ነው። ዋጋውን ብቻ የሚያይ ሰው “ምንም አልተፈጠረም” ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን በጣም መታየት ያለበት ቀን እሱ ነው።

5. ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቀናት እዩ። ዜናው ሳይወጣ ግብይቱ ከጨመረ አንዳንዶች ቀድመው ገምተዋል፣ ወይም ወሬው ሾልኳል። ካልተጠበቀ የትርፍ ሪፖርት በኋላ ደግሞ ዋጋው ለሳምንታት በዚያው አቅጣጫ የመቀጠል ዝንባሌ አለው። ይህ ግን የብዙ አክሲዮኖች አማካይ ነው፤ በአንዱ ላይ ተማምናችሁ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።

የአክሲዮን ክፍፍልም እንዳያሳስታችሁ። የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን ለ10 ሲከፍል ዋጋው በዚያው ልክ አነሰ፤ የአክሲዮኑ ብዛት ደግሞ 10 እጥፍ ሆነ። እንዲህ ሲያጋጥም ብዛቱን በዋጋ አባዙና በዶላር አወዳድሩ።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። እንዲህ ባለ ጀማሪ ገበያ ላይ ይህን ዘዴ ስትሞክሩ 20 ቀን አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ሻጭ ብቻውን አማካዩን ሊያዛባው ይችላል። 60 ቀን ውሰዱ፤ ከአክሲዮኑ ብዛት ጋርም ስንት ግብይት እንደተፈጸመ ቁጠሩ።