ኮምፒውተራችሁ እንዳይጮህ

ዴስክቶፕ ልትገጣጥሙ ካሰባችሁ፣ ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) ስትመርጡ ትልቁን ውሰዱ። ባለ 140 ሚሊሜትሩ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ባለ 80 ሚሊሜትሩ በፍጥነት ዞሮ የሚገፋውን ያህል አየር ይገፋል። ጩኸቱ በብዛት የሚመጣው ከፍጥነቱ ነው። ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ አድርጋችሁ ግጠሙ። ለብዙ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡና ፋኑ ሙቀት ሲጨምር ብቻ እንዲፈጥን አስተካክሉት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለውጡ ግን በጣም ደስ ይላል! ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) የአተር ፍሬ ቢያክል በቂ ነው።

አቧራውንም አትርሱ፣ በተለይ በበጋ። የፊቱን ማጣሪያ በየወሩ አውጥታችሁ አራግፉት። ሳጥኑን ደግሞ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ከስር አየር የሚስብ ከሆነ ይታፈናል።