ቀጭን ዛፍ ሁሉ ልጅ አይደለም

ደን ውስጥ ስሠራ ብዙ ስህተት አይቻለሁ። አንዱ ግን አሁንም ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። "ትልልቁን እንቁረጥ፣ ትንሹ ይደግ" የሚሉት ነገር።

ሲሰሙት ደግ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ በበቀለ ደን ውስጥ ቀጭኑና ወፍራሙ እኩያሞች ናቸው፤ አንዱ ብርሃን አግኝቶ ፈረጠመ፣ ሌላው ጥላ ሥር ቀጭጮ ቀረ። አንድ ጀማሪ አላምን ቢለኝ ሁለት ጉቶ ላይ ጎንበስ ብለን የዕድገት ቀለበቶቹን በጥፍራችን እየነካን ቆጠርን። ወፍራሙ 40፣ ቀጭኑም 40። የቀጭኑ ቀለበቶች ወደ ዳር ሲጠጉ እንደ ክር ሳስተው ተጣብቀዋል። ልጁ ዝም አለ። ቀጥ ያለውንና ጤነኛውን ሸጣችሁ ጠማማውንና በሽተኛውን ስታስቀሩ፣ ቀጣዩን ደን የሚዘራው ያ የቀረው ነው። እኔም ስጀምር እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ያ ቦታ ዛሬም ጠማማ እንጨት የሞላበት ነው፣ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ደኑን ስታሳሱ፣ ማለትም ሌሎቹ እንዲደጉ የተወሰኑትን ዛፎች ስትቀንሱ፣ መጀመሪያ የሚቀሩትን ምረጡ። ቀለም ቀቧቸው። ከዚያ አናታቸውን የሚጋፋውን ቁረጡ።

ሳይለኩ መቁረጥም አለ። ደናችሁ በዓመት በሄክታር 5 ሜትር ኩብ እያደገ 8 የምትቆርጡ ከሆነ፣ ወለዱን ጨርሳችሁ ዋናውን እየበላችሁ ነው። ካርሎቪትዝ የተባለ የሳክሶኒ ማዕድን ሹም ለማቅለጫው እንጨት እንዳያልቅ ተጨንቆ ይህንኑ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1713 ነው። ስለዚህ ጥቂት ቦታዎችን ምልክት አድርጉና የዛፎቹን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ለኩ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ እነዚያኑ ለኩ።

እርጥብ አፈር ላይ ትራክተር አታስገቡ። የታመቀ አፈር ለማገገም አሥርተ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል።

ግንድ ስትጎትቱ የቆመውን ዛፍ ቅርፊት እንዳትልጡ። በቁስሉ ሻጋታ ይገባል፤ የሚበሰብሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የታችኛው ግንድ ነው።

ባህር ዛፍ እንዲያቆጠቁጥ ከፈለጋችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሲያቆጠቁጥ ሁሉንም አትተዉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ብቻ ይቅር።

የደረቀ ዛፍ ሁሉ "ይጽዳ" አይባልም። መንገድ ዳር ያለው አደጋ ስለሆነ ይውረድ። ጫካው መሃል ያለውን ለግንደ ቆርቁር ተዉለት፤ እሱ የፈለፈለውን ጉድጓድ ነገ ሌላ ወፍ ይገባበታል።

አቆራረጡ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከኋላ ስትቆርጡ መጋዙን እስከ ፊተኛው አፍ፣ ማለትም ዛፉ በሚወድቅበት በኩል አስቀድማችሁ እስከከፈታችሁት ቁርጥ ድረስ አትዝለቁ። የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚያህል ሳይቆረጥ ይቅር፤ ዛፉን ወደፈለጋችሁበት የሚመራው እሱ ነው። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ካለ፣ እስኪወርድ ድረስ ማንም ሥሩ አይለፍ።