ጊት ክሎን አልሠራ ሲል የሰርቨር ሪዳይሬክትን እንዴት እንፈትሻለን

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ትንሽ ቢሮ የኮድ ማከማቻ ሰርቨር ሳቆም፣ ገጹ በብራውዘር ጥሩ አድርጎ ይከፈት ነበር። ጊት ክሎን (ኮዱን ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳው ትእዛዝ) ስል ግን «ሪፖዚተሪው አልተገኘም» ይለኛል። ሁለት ቀን ኔትወርኩን ስጠረጥር ቆየሁ። ጊትን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ፍኖተ ሰላም ያለ ባልደረባዬ በሞባይል ዳታ ሲሞክርም ያው ስህተት መጣ። ያኔ ነው ችግሩ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የገባኝ።

መጀመሪያ ብራውዘሩን ተዉት። 301ን (ቋሚ ሪዳይሬክት፣ ማለትም ሰርቨሩ ጥያቄውን ለዘለቄታው ወደ ሌላ አድራሻ ሲያዞር የሚመልሰውን ቁጥር) አንዴ ካየ ያስታውሰዋል፤ ካስተካከላችሁ በኋላም በድሮው መንገድ ሊሄድ ይችላል። በከርል (በትእዛዝ መስመር አድራሻ ጠይቆ የሰርቨሩን መልስ በሚያሳይ ፕሮግራም) ፈትሹ። ከመልሱ ቁጥሩንና ወዴት እንደሚያዞር የሚናገረውን «ሎኬሽን» የሚለውን መስመር እዩ።

አድራሻውን ግን ልክ ጊት እንደሚጠይቀው ስጡት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጊት የሪፖዚተሪውን ስም ብቻ አይጠይቅም። ከስሙ ቀጥሎ «ኢንፎ» እና «ሬፍስ»ን ያስከትላል። ከዚያ የጥያቄ ምልክት ይመጣል፤ ከምልክቱ በኋላ የሚፈልገውን አገልግሎት ይናገራል። ለክሎን ይኼ አገልግሎት «ጊት አፕሎድ ፓክ» ነው።

እኔ ኤንጂንኤክስ በሚባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ የሚያዞረውን መስመር ስጽፍ «ዩአርአይ» የሚባለውን ቫሪያብል ተጠቀምኩ። እሱ ከጥያቄ ምልክቱ ጀምሮ ያለውን ጭራ አይዝም። የመነሻ ገጹ ጭራ ስለማያስፈልገው በብራውዘር ደህና ይመስላል። ጊት ግን ጭራው ከተቆረጠ፣ ሰርቨሩ የተጠየቀውን አገልግሎት አያውቅም። ቫሪያብሉን በ«ሪኩዌስት ዩአርአይ» ቀይሩት፤ አድራሻውን ከነጭራው ያሻግራል። ከዚያ ደግማችሁ በከርል እዩ። «ሎኬሽን» ላይ የጥያቄ ምልክቱ ካለ ተስተካክሏል።

«ሎኬሽን» መልሶ ወደዚያው አድራሻ የሚልካችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ያለው ፕሮክሲ (ጥያቄን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያሻግረው) ኤችቲቲፒኤሱን ተቀብሎ ወደ ኋላ በኤችቲቲፒ ሲያስተላልፍ የኋላው ሰርቨር እንደገና ያዞራል። ፕሮክሲው ጥያቄው በምን እንደመጣ በሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚላክ መረጃ) እንዲናገር፣ የኋላው ሰርቨርም ያንን እንዲያይ አድርጉ።

እስክትጨርሱ ድረስ በ301 ፋንታ ጊዜያዊ የሆነውን 302 ተጠቀሙ። ኮንፊጉን ፈትሹና ሪሎድ አድርጉ።

ጊት በራሱ ሪዳይሬክት የሚከተለው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ሁሉንም እንዲከተል የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ እኔ አልመክረውም፣ ገደቡ የተቀመጠው ለደህንነት ነው። ይልቅ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የሪሞቱን (ጊት የመዘገበውን የሰርቨር) አድራሻ በቀጥታ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ቀይሩት።