መሬት ይጎትት የነበረው የአጥር በር

አዘዞ ያለው የጓሮ አጥራችን የባሕር ዛፍ ቋሚና ሽቦ ነው። ክረምቱ እንደገባ የበሩ ጫፍ መሬት መጎተት ጀመረ፤ የጎረቤት ፍየሎችም ክፍተቱን ለማግኘት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ ማጠፊያውን ጠርጥሬ ቀየርሁት። ገንዘቤን ከሰርሁ እንጂ በሩ አልተነሣም።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። በሩን የተሸከመው ቋሚ የተቀበረው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቋሚውን እያወዛወዘ አጋደለው። 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ከሥሩ ጠጠር አደረግሁ፤ ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቅሁ።

ሁለተኛው ያሳፍራል፦ ሰያፉን እንጨት ገልብጬ ነበር የመታሁት። በምስማር የተመታ ሰያፍ እንጨት ሸክም ይበልጥ የሚችለው ሲገፋ ስለሆነ ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ በመቀርቀሪያው በኩል ወዳለው የላይኛው ጥግ መውጣት አለበት። ሽቦ ግን የሚሠራው ሲሳብ ነውና በተቃራኒው ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው ጥግ ይወርዳል። ሽቦውን ደርቤ በመካከሉ ዱላ አስገብቼ ጠመዘዝሁት፤ በሩ ዓይኔ እያየ አራት ጣት ያህል ከፍ አለ።

አሁን ልጄ በአንድ እጁ ይዘጋዋል። ፍየሎቹ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ መፈተሻቸውን አልተዉም።