ከማድሪድ ወደ አቪላ፦ ለጅማ ልጆች የአንድ ቀን መንገድ

ለስልጠናም ሆነ ለስብሰባ ማድሪድ የምትሄዱ የጅማ ልጆች፣ አንድ ትርፍ ቀን ካገኛችሁ አቪላ ሂዱ። ሰው ሁሉ የሚመክረው ቶሌዶን ነው። ቶሌዶም ውብ ናት። ግን ዙሪያዋን በግንብ እንደታጠረች የቆየች ከተማ ማየት ለፈለገ አቪላን የሚያህል የለም። ግንቡ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። 87 ማማዎችና 9 በሮች አሉት።

ከቻማርቲን ጣቢያ ባቡር ያዙ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። አውቶቡስም አለ፤ እኔ ግን ተራራውን ሲወጣ አገሩ እየተለወጠ ስለሚታይ ባቡሩን እመርጣለሁ። ጃኬት አትርሱ። አቪላ 1,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጅማ ዝቅ ስለምትል ትንፋሽ አያጥራችሁም፤ ብርዱ ግን የኛን አይመስልም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ ጉዟችሁ ወፍራም ልብስ ደርቡ፤ ነፋሱ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ከጣቢያው ግንቡ ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስትደርሱ ግን ላዩ ላይ ለመውጣት አትጣደፉ። በዚህ ነገር ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ግንብ መጀመሪያ የሚታየው ከውጭ ነው። የተሠራው ለጠላት ነውና ጠላት ከሚቆምበት ቁሙና ቀና በሉ። ቁመቱ በአማካይ 12 ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል ቁልቁለት የለም፤ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ግንበኞቹ ኃይላቸውን ያፈሰሱት እዚያ ነው። ከሳን ቪሴንቴ በር ተነስታችሁ ወደ አልካዛር በር በውጭ በኩል ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

እግረ መንገዳችሁን ድንጋዮቹን ተጠግታችሁ እዩ። አንዳንዶቹ መሃላቸው ተቦርቡሯል። ሮማውያን የሟቾቻቸውን አመድ ያኖሩባቸው የነበሩ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግንቡ ሲጀመር ሠራተኞቹ አጠገባቸው ያገኙትን ሁሉ እያነሱ ደረደሩት። አስጎብኚ ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ይሄንን አያየውም። ትንሽ አለፍ ስትሉ ከግንቡ ወደ ውጭ ሆዱን የነፋ ትልቅ ክብ ማማ ታገኛላችሁ፤ የካቴድራሉ ጀርባ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ምሽግ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ግንብ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ የታወጀው በፈረንጆቹ 1884 ነው። ያኔ እኛ ጋ ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገዙ ነበር። ድንጋይ ስለሆነ ብቻ አልቆመም፤ ሲጠገን ነው የኖረው። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት ደግሞ እንጨት ነው፣ እንጨት ይበልጥ እጅ ይፈልጋል። አቪላን ያየ የጅማ ልጅ ይሄን ሳያስብ የሚመለስ አይመስለኝም።

ካቴድራሉ ውስጥ ከመሠዊያው ጀርባ ዙሩ። በቅጽል ስሙ ኤል ቶስታዶ የሚባል፣ በ1455 የሞተ ጳጳስ መቃብር አለ። በአልባስጥሮስ ተቀርጾ ተቀምጦ ሲጽፍ ታዩታላችሁ። ልብሱ ላይ ያለውን የጥልፍ ቅርጽ በደንብ እዩት፤ ድንጋይ አይመስልም።

ከዚያ ካቴድራሉ አጠገብ ባለው መግቢያ ትኬት ቆርጣችሁ ግንቡ ላይ ውጡ። ደረጃው ወጣ ገባ ነውና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። በሰሜን በኩል ይዛችሁ እስከ ድልድዩ በር ሂዱ፤ ረጅሙና ጥሩው ክፍል እሱ ነው። እዚያ ወርዳችሁ የአዳኻን ወንዝ ተሻገሩና አራት ምሰሶዎች የቆሙበት ቦታ ድረስ ውጡ። ኩዋትሮ ፖስቴስ ይሉታል። ከተማዋ በሙሉ ከነግንቧ ፊት ለፊት ትታያለች። በ1515 የተወለደችው ቅድስት ቴሬዛ በልጅነቷ ሰማዕት ልሁን ብላ ከወንድሟ ጋር ስትጠፋ አጎቷ እዚህ ጋ ደርሶ መለሳት ይባላል። ፎቶ የምታነሱት ከዚህ ነው።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። ምሳ የሚጀመረው በእኛ 8 ሰዓት ነው፤ ቀደም ብላችሁ ብትሄዱ ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። ባቄላውም ድንቹም በአሳማ ሥጋ ሊሠራ ይችላል። ሙስሊምም ሁኑ ኦርቶዶክስ «ሲን ሴርዶ» ብላችሁ እዘዙ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ «ያለ ሥጋ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሃሞን የሚሉትን የደረቀ የአሳማ ሥጋ እንደ ቅመም ጣል ያደርጉበታል። ስሙን ጠርታችሁ እንዳይገባበት ንገሯቸው። የበሬ ጥብስ ለሚበላ ቹሌቶን አለ፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። የጅማ ሙስሊሞች ግን ሐላል መሆኑን ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ቡናውን በተመለከተ፣ ቡና ስንቆላ ያደግን ሰዎች ማወቅ ያለብን ነገር አለ። አንዳንድ ቤት ቡናው ሲቆላ ስኳር ይጨመርበታል፤ ቶሬፋክቶ ይባላል። ጥቁር፣ መራራ፣ የተቃጠለ ነገር ነው። «ናቱራል» የሚባለውን ጠይቁ።

የቅድስት ቴሬዛ ዬማ የሚሉትን ከእንቁላል አስኳልና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ለስጦታ መግዛት የምትፈልጉ ወደ ማታ ግዙ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ የሚከፈተው በእኛ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ግን ጠዋት ስትደርሱ ጣቢያው ላይ አረጋግጡ።