የተኛ ዲቫይስ መንካት፦ የሊነክስ ድራይቨር የፓወር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ካርዱ በደንብ ገብቷል፣ ባዮሱ ታድሷል፣ የከርነል ሎጉም ታይቷል ብዬ ልጀምር። ይህ ጽሑፍ ድራይቨር ለሚጽፍ ወይም ሌላ ሰው የጻፈውን ለሚጠግን ነው።

ምልክት፦ ሪጅስተሩ ሲነበብ ሁሉም ቢት 1 ይሆናል

እጄ ላይ የሚመላለሰው ይሄኛው ነው። ሪጅስተር ድራይቨሩ ዲቫይሱን የሚያነጋግርበት ትንሽ የመረጃ ማስቀመጫ ነው። ዲቫይሱ ሥራ ላይ እያለ ምንም አይሆንም። ትንሽ ሳይነካ ቆይቶ ሲጠየቅ ግን ጉድ ያወራል። አንድ ካርድ ላይ ያለ የሙቀት መለኪያ ትዝ ይለኛል። ሥራ ሲበዛበት ትክክለኛውን ዲግሪ ይናገራል፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ -1 ይላል። ካርዱ በአዲስ ተቀይሮም ያው ነው። 16 ቢቱ ሁሉ 1 ከሆነና ድራይቨሩ አሉታዊ ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ውጤቱ -1 ነው። ካርዱ አልበረደውም፣ ተኝቷል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ራንታይም ፒኤም (ማሽኑ እየሠራ የዲቫይሶችን ኃይል የሚቆጥበው የከርነሉ ክፍል) ሥራ የፈታውን ዲቫይስ ከዲ0 (ሙሉ ኃይል) ወደ ዲ3 (እንቅልፍ) ያወርደዋል። ዲ3 ላይ ያለ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ዲቫይስ ለሪጅስተር ንባብ መልስ አይሰጥም። መልስ ያጣ ንባብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉም 1 ሆኖ ይመለሳል። ድራይቨሩ እውነተኛ ዳታ ይመስለውና ይቀጥላል። አንዳንድ የአርም ቺፖች ላይ ክሎኩ የተዘጋ ዲቫይስ መንካት መላውን ማሽን ድርቅ ያደርገዋል። እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ወዲያው ይታወቃል።

ለማረጋገጥ በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ የዲቫይሶችን ሁኔታ በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) የዲቫይሱ «ፓወር» ማህደር ውስጥ «ኮንትሮል» የሚባለውን ፋይል ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» ቀይሩት። ችግሩ ከጠፋ አገኛችሁት ማለት ነው። እባካችሁ ግን እዚያው ትታችሁት እንዳትሄዱ! ይሄ ምርመራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። «ኦን» ላይ ትተውት ከርመው «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» የሚሉ ሰዎች ትዕግስቴን ጨርሰውታል።

ጥገናው ቀላል ነው። ሪጅስተር የሚነካ መንገድ ሁሉ ከመንካቱ በፊት «ጌት» ብሎ ዲቫይሱን ያስነሳ፣ ሲጨርስ «ፑት» ይበል። ጌት የተጠቃሚዎችን ቆጣሪ ይጨምራል፣ ፑት ይቀንሳል፣ ቆጣሪው 0 ካልሆነ ዲቫይሱ አይተኛም። ከባዱ ሁሉንም መንገድ ማግኘቱ ነው። ሰው ዋናውን የዳታ መንገድ ይሸፍንና የሲስኤፍኤስ ፋይሎችን፣ ታይመሮችንና የዲበግ ኮዱን ይረሳል። የሙቀት መለኪያውም ጣጣ እዚያው ነበር። ፋይሉን የሚያነበው ፋንክሽን ላይ ጌት የሚባል ነገር የለም።

ከሁሉም የባሰው ኢንተራፕት (ዲቫይስ ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) ነው። ሁለት ዲቫይሶች አንድ የኢንተራፕት መስመር ሲጋሩ ጎረቤቱ በጮኸ ቁጥር የእናንተም ሃንድለር (ጥሪውን የሚያስተናግደው ፋንክሽን) ይጠራል፣ ዲቫይሳችሁ ተኝቶም ቢሆን። ሃንድለሩ የስታተስ ሪጅስተሩን ያነብባል፣ ሁሉም 1 ነው። «ዳታ መጥቷል፣ ስህተት አለ፣ ኬብል ተነቅሏል፣ ሁሉም ደርሷል» ብሎ ያምናል። ከዚያ የሌለ ዳታ ለመቀበል ይሮጣል። አንዱ ድራይቨር የ«ቢዚ» ቢት 0 እስኪሆን ያለ ጊዜ ገደብ ይጠብቅ ነበር። ቢቱ መቼም 0 አይሆንም፣ ሲፒዩውም እዚያው ቀረ። «መፍትሄ» ተብሎ የገባው ፓች ደግሞ ግማሽ ሰከንድ መጠበቂያ ነበር! የተኛ ዲቫይስ ስለጠበቁት አይነሳም።

ሃንድለር ውስጥ ተራውን ጌት አትጥሩ። ጌቱ ራሱ ቆሞ ሊጠብቅ ስለሚችልና ሃንድለር ውስጥ ያ ስለማይፈቀድ ከርነሉ ይጮህባችኋል። ዲቫይሱ ነቅቶ ከሆነ ብቻ ቆጣሪውን የሚይዘውን «ጌት ኢፍ አክቲቭ» ተጠቀሙ። ካልነቃ ኢንተራፕቱ የኔ አይደለም ብላችሁ ውጡ። በሰስፔንድ (ማስተኛ) ፋንክሽናችሁ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የዲቫይሱን ኢንተራፕት ዝጉ፣ ከዚያ በሥራ ላይ ያለው ሃንድለር እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ከዚያ አስተኙ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ሌላም አለ፦ ዲቫይሱ በራሱ ሪዙም (ማስነሻ) ፋንክሽን ውስጥ ሆኖ በራሱ ላይ ጌት ከጠራ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል።

ምልክት፦ ዲቫይሱ ጭራሽ አይተኛም

«ራንታይም ስታተስ» ሁልጊዜ «አክቲቭ» ይላል። ጌትና ፑት አልተመጣጠኑም። ዋናው ወጥመድ «ጌት ሲንክ» ነው፣ ቢከሽፍም ቆጣሪውን ጨምሮ ነው የሚመለስ። ኮዱ ስህተት አይቶ ወዲያው ከወጣ አንድ ፑት ጎደለ ማለት ነው። ሲከሽፍ ቆጣሪውን ራሱ የሚመልሰው «ሪዙም ኤንድ ጌት» እ.ኤ.አ. በ2020 ገብቷል። ዛሬም አዲስ ኮድ በአሮጌው ሲጻፍ አያለሁ።

ምልክት፦ ይነቃል ግን ሁሉን ረስቷል

ዲ3 ኮልድ ላይ ኃይሉ ጨርሶ ይቋረጣል። የፒሲአይ ኮዱ የኮንፊገሬሽን ስፔሱን (የካርዱን መሠረታዊ የፒሲአይ ቅንብር) ይመልሳል። የዲቫይሱን የራሱን ሪጅስተሮች ግን ሪዙም ላይ የሚጽፈው ድራይቨሩ ነው።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ከዲ3 ሆት (ኃይሉ ሳይቋረጥ ከተኛበት) ወደ ዲ0 ሲመለስ ስታንዳርዱ 10 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። ያ የማይበቃቸው ርካሽ ካርዶች አሉና ለእነሱ ብቻ በኩዊርክ (ለአንድ ካርድ ብቻ በሚጻፍ ልዩ ማስተካከያ) ጨምሩላቸው፣ ለሁሉም አይደለም።

ማሽኑ ሰስፔንድ ላይ ደርቆ ከቀረ «ፒኤም ቴስት» ፋይል ውስጥ «ዲቫይስስ» ብላችሁ ጻፉና ሰስፔንድ ሞክሩ። ዲቫይሶቹን አስተኝቶ ከ5 ሰከንድ በኋላ ያስነሳቸዋል። እዚያም ከደረቀ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከድራይቨር ነው፣ ፈርምዌሩን ለመውቀስ አትቸኩሉ።